ሥልጣን ወሰን ሲበጅለት

(ስለ ፌዴራል ሕገ መንግሥት መሠረተ ሐሳብና አቋም በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር ሕገ መንግሥት ነው። ይኸውም ሥልጣን ለማዕከላዊው መንግሥትና ለክልሎች ተከፍሎ የሚሠራበት፤ ፌዴራል ተብሎ የሚጠራው የመንግሥት አቋም በምን መሠረት ላይ እንደ ቆመና እንዴት እንደ ተዋቀረ በአጭሩ ለማስረዳት ነው። ርእሱ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የተተወ መስሎ እንዳይታያችሁ፤ ነገሩን ከመጻሕፍት መደርደሪያ ሳይሆን ከደብረ ታቦር መንገድ እንጀምረዋለን።

ከጉና ተራራ ሥር የሚኖር አንድ ገበሬ በማለዳ ተነሥቶ፤ ጋቢውን ደርቦ፤ ዱላውን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ወረደ እንበል። ይህ ሰው ሦስት ጉዳይ አለው። አንደኛው፤ ጎረቤቱ ድንበሩን አልፎ አርሶበታል። ሁለተኛው፤ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጁ ታሞ ትምህርቱን ስለ አቋረጠ፤ በሚመጣው ዓመት እንዲመለስ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል። ሦስተኛው፤ ሴት ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ተልከውበታል፤ ልጅቱ ግን ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ስለ ሆነ፤ ሕጉ ምን እንደሚል ሳይጠይቅ ቃል መስጠት አልወደደም።

ሰውየው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ሲል ይውላል። አንዱ ጸሐፊ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ይለዋል። ሁለተኛው «ለበላይ አካል አቅርብ» ይለዋል። ሦስተኛው «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ሰውየው እንደ መጣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው የለበትም። «የእኛ ሥራ አይደለም» ያለው ጸሐፊ ምናልባት የተናገረው እውነቱን ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «የእኛ ካልሆነ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። የፌዴራል ሕገ መንግሥት ከጥቅሙ ሁሉ ዋናው፤ ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ መስጠቱ ነው።

ለምሳሌያችን ደብረ ታቦርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሥልጣን መከፋፈልና መሰብሰብ ከዚህች ከተማ ብዙ መማር ይቻላል። በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በዙፋን ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን በደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁ ተወላጆች በእንደ ራሴዎቹ እጅ ነበረ። በትግሬ፣ በስሜን፣ በጎጃምና በሸዋ ደግሞ ሌሎች መሳፍንት የየራሳቸውን አገር ይገዙ ነበር። እንግዲህ ሥልጣን በዚያን ጊዜም ተከፍሎ ነበር ማለት ነው። ለፍርድ ፍትሐ ነገሥት ነበረ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ መስፍን ሥልጣን ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስን፤ ሁሉም የተስማሙበት ጽሑፍ አልነበረም። ስለዚህ በሁለት መሳፍንት መካከል ክርክር ሲነሣ ዳኛው የጦር ሜዳ ነበረ።

ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል ካደረጉ በኋላ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ዘውድ ደፉ። ደብረ ታቦርንም ዋና መቀመጫቸው አደረጉ፤ በአጠገቧ ባለችው በጋፋትም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። ዓላማቸው የተበተነውን ሥልጣን ሰብስቦ አገሪቱን አንድ ማድረግ ነበር። ይሁን እንጂ አንድነቱ በንጉሠ ነገሥቱ ክንድ ላይ ብቻ የቆመ ስለ ነበረ፤ ክንዱ ሲዝል አንድነቱም ዐብሮ ዛለ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያልፉ፤ የጀመሩትን ሥራ ከሰው ወደ ሰው የሚያሸጋግር የተጻፈ ሥርዐት አልነበረም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ሥልጣን ያለ ሕግ ሲከፈል ጦርነት ይሆናል፤ ያለ ሕግ ሲሰበሰብም ዕድሜው ከአንድ ሰው ዕድሜ አያልፍም። የፌዴራል ሕገ መንግሥት ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ሥልጣን በጽሑፍ ይከፈላል፤ ወሰን ይበጅለታል፤ በወሰኑም ላይ ክርክር ቢነሣ የሚፈርድ አካል ይቆምለታል።

ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አገኘች። እሱም በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጣ። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ዋለ። ሦስቱም በብዙ ነገር ቢለያዩም፤ በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ የሥልጣን ምንጭ ማዕከሉ ነበረ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ደብረ ታቦር በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት የአንድ አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን፤ ገዥዋ ከላይ ተሹሞ ይመጣ ነበር እንጂ፤ ከሕዝቡ ተመርጦ አይወጣም ነበር።

በመካከሉ አንድ የፌዴሬሽን ሙከራ ተደርጎ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውሳኔ መሠረት ኤርትራ ከመስከረም 1945 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሕዳ ነበር፤ የራሷም ምክር ቤትና የራሷ ሕገ መንግሥት ነበራት። ይህ አቋም ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ወሰኑን ጠንካራው ወገን ሲያልፈው «ቁም» የሚል ገለልተኛ ዳኛ በአገር ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተከተለው የረዥም ዘመን ጦርነት ለሁላችንም የታወቀ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ፤ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዐሥራ አንድ ምዕራፎችና በ106 አንቀጾች የተከፈለ ነው። ከአንቀጽ 8 እስከ አንቀጽ 12 ድረስ አምስት መሠረታውያን መርሖች ተዘርዝረውበታል። እነሱን በየተራ እንመልከት።

አንደኛው የሕዝብ ሉዓላዊነት ነው። ሕገ መንግሥቱ የሥልጣን ባለቤቶች አድርጎ የሚያስቀምጠው የኢትዮጵያን ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው፤ ሥልጣናቸውንም በመረጧቸው ተወካዮችና በቀጥታ በሚያደርጉት ተሳትፎ ይሠሩበታል። ባለቤትነቱ ለእያንዳንዱ ዜጋ ሊሰጥ ይገባ ነበር የሚሉ አሉ፤ በቡድን መብት ላይ መቆሙ ነው አገሪቱን የያዛት የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ፤ ሹም ሥልጣኑን በአደራ ይዞታል እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ሁለተኛው የሕገ መንግሥት የበላይነት ነው። ማንኛውም ሕግ፣ ልማድ ወይም የባለ ሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ከሆነ አይጸናም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። የዚህ መርሕ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ከወራጅ ውሃው ይልቅ አስቀድሞ መቆም የሚገባው ባለ ሥልጣኑ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው የሰብኣዊና የዲሞክራሲያዊ መብቶች መከበር ነው። እነዚህ መብቶች ከአንቀጽ 13 እስከ አንቀጽ 44 ድረስ ተዘርዝረዋል። ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ፍርድ የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ የጉናው ገበሬ ወደ ደብረ ታቦር የመጣው ችሮታ ለመለመን ሳይሆን፤ የሚገባውን ለመጠየቅ ነው።

አራተኛው የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት ነው። መንግሥት የራሱ ሃይማኖት አይኖረውም፤ በሃይማኖት ጉዳይ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ አይገባም። በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ከፊቱ የቆመውን ባለ ጉዳይ ስለ እምነቱ ሳይጠይቅ ማስተናገድ ይገባዋል።

አምስተኛው የመንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት ነው። በድሮ ጊዜ «ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ሕገ መንግሥቱ ይህን ተረት ሽሮ ማንኛውም ኀላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኀላፊነቱን ቢያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል። ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሣትም ይችላል።

እነዚህ አምስቱ መርሖች የቤቱ መሠረት ናቸው። አሁን ወደ ምሰሶዎቹና ወደ ክፍሎቹ እንለፍ።

የፌዴራሉ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየአምስት ዓመቱ በሕዝብ ይመረጣል፤ የአባላቱ ቍጥር ከ550 ሊበልጥ አይችልም፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ ቍጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች የተጠበቀ ነው። ሕግ የሚያወጣው ይህ ምክር ቤት ነው፤ በምክር ቤቱ ውስጥ አብላጫ ያገኘው ወገን ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰይማል። ሁለተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በዚህ ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተጨማሪ ይሰጠዋል። ይህ ሁለተኛው ምክር ቤት ሕግ አያወጣም፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን የሚተረጕመው፤ ለክልሎች የሚሰጠውን የገንዘብ ድጎማ ቀመር የሚወስነው እሱ ነው። ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሲሆን፤ የማስፈጸም ሥልጣን ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ዳኝነት የፍርድ ቤቶች ነው።

ክልሎቹ በ1987 ዓ.ም. ዘጠኝ ነበሩ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከቀድሞው የደቡብ ክልል የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ስለ ተባለ፤ ቍጥራቸው ዐሥራ ሁለት ደርሷል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ተጠሪነታቸው ለፌዴራሉ መንግሥት ነው።

አሁን ሥልጣኑ እንዴት እንደ ተከፈለ እንመልከት። አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጡትን ሥልጣኖች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ ከነሱም ውስጥ የአገር መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ፣ ዜግነትና ፓስፖርት፣ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶች ይገኙባቸዋል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ በተለይ ያልተሰጠ፤ ለሁለቱም በጋራ ያልተባለ ሥልጣን ሁሉ የክልሎች ነው ይላል። እንግዲህ ሕጉን የሚመለከት ሠራተኛ አስቀድሞ አንቀጽ 51ን ይመርምር፤ እዚያ ያላገኘውን ክልል ዘንድ ይፈልግ።

ይህን ክፍፍል በደብረ ታቦር ጎዳናዎች ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የፌዴራል መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ነው። ሆስፒታሉና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግን የክልሉ ናቸው። ይህ ልዩነት በደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ እንኳ ይታያል፤ የዩኒቨርሲቲው መምህር የሚከፍለው የሥራ ግብር የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ሲሆን፤ የሁለተኛ ደረጃው መምህር የሚከፍለው የክልሉ ገቢ ነው። ገበሬው የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብርም የክልል ገቢ ነው።

እንግዲህ ወደ ገበሬያችን ሦስት ጉዳዮች እንመለስ።

የመሬቱ ጉዳይ ሦስት እጆች አሉበት። በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው በይዞታው ይጠቀማል፤ ያለ ክፍያ መሬት የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። ስለ መሬት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የድንበር ክርክር ሲሆን ግን መንገዱ ቅርብ ነው፤ በሽምግልና ካላለቀ ወረዳ ፍርድ ቤት ይታያል። የይዞታ ደብተሩን ይዞ ወደ ፋርጣ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤትና ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት መሄድ ይበቃዋል፤ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም መድረስ አያስፈልገውም።

የልጁ የትምህርት ጉዳይ የዩኒቨርሲቲው ነው። ልጁ የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ለሬጅስትራሩ ያመልክት። ወረዳውም ዞኑም በዚህ ላይ የመወሰን ሥልጣን የላቸውም፤ ስለዚህ የወረዳው ሠራተኛ «የእኛ አይደለም» ያለው ትክክል ነበር፤ ግን «የዩኒቨርሲቲው ነው» ብሎ መጨመር ነበረበት።

የልጅቱ ጋብቻ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር ነው። የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 51 ከተቈጠሩት ውስጥ ስለሌለ የክልሎች ነው። በዚህም ምክንያት የፌዴራሉ መንግሥት በ1992 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው ተጠሪነታቸው ለሱ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የዐማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ሁለቱም ሕጎች ለጋብቻ ዐሥራ ስምንት ዓመት መሙላትን ይጠይቃሉ። የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን ግን የፌዴራሉ ምክር ቤት ስለ ሆነ፤ ያለ ዕድሜዋ ልጅን የሚያጋባ ሰው የሚቀጣው በአገር አቀፉ የወንጀል ሕግ ነው። በአንዲት ልጅ ላይ ሁለቱም መንግሥታት እጃቸውን የዘረጉት፤ አንዱ ጋብቻውን ለመከልከል፤ ሌላው ጥፋቱን ለመቅጣት ነው። አባትየው ይህን በጊዜው ቢሰማ፤ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠው መልስ በአፉ ላይ ይዘጋጅለት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኞች ስለሚሳሳቱበት አንድ ነገር እንናገር። የዐማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥቱ፤ በሕዝብ የሚመረጡ ምክር ቤቶችን በክልል፣ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ አቋቁሟል። ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ ደግሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤት ሰጥቷል። ደቡብ ጎንደር ግን እንደ ሌሎቹ ዞኖች የክልሉ መንግሥት ክንድ ነው እንጂ፤ በሕዝብ የተመረጠ የራሱ ምክር ቤት የለውም። ከዚህ የተነሣ በደብረ ታቦር የዞኑ፣ የፋርጣ ወረዳና የከተማው አስተዳደር በአንድ ከተማ ውስጥ ቢቀመጡም፤ ማዕረጋቸው በሕንፃ ትልቅነት አይለካም። ወረዳው ትንሽ ቢመስልም ምክር ቤትና በጀት ያለው ራሱን የቻለ የሥልጣን ደረጃ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዘዘው፤ ሕዝቡ በአቅራቢያው እንዲወስን ብሎ ነው። በወረዳ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ ወደ ዞን፤ ከዞን ወደ ክልል የሚያሻግር ሠራተኛ፤ ጨዋነት ያሳየ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሕዝቡ የተሰጠውን ሥልጣን መልሶ ወደ ላይ እያወጣበት ነው።

በፍርድ ቤቶችም ዘንድ እንደዚሁ የሚያስደንቅ ቅንጅት አለ። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን እንዲሠራበት በአንቀጽ 80 ተወስኗል። ስለዚህ በደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተቀመጠ አንድ ዳኛ፤ ጠዋት በክልል ጉዳይ፤ ከሰዓት በኋላ በፌዴራል ጉዳይ ሊፈርድ ይችላል። ወንበሩ አንድ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ከሁለት ምንጭ ይቀዳል።

ታዲያ በወሰኑ ላይ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ማነው? በአሜሪካ ይህ ሥራ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በጀርመን ለዚሁ ብቻ የተቋቋመ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አለ። በእኛ አገር ግን የመጨረሻውን ትርጕም የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ዐሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አስቀድሞ ነገሩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብለታል።

በዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ ለማንም አይጠቅምም። ለብዙ ዓመታት በማዕከሉም በአብዛኞቹ ክልሎችም የሚገዛው አንድ የፓርቲ ግንባር ስለ ነበረ፤ ክርክሮች ወደ ሕግ ዳኛ ከመድረሳቸው በፊት በፓርቲ ስብሰባ ያልቁ ነበር። ወሰኑ በጽሑፍ ላይ ቢኖርም አልተረገጠም፤ አልተለመደምም። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም ነገሩ ለሕገ መንግሥት ትርጕም ቀረበ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሰኔ ወር ውሳኔ ሰጠ። የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል በጳጉሜን ወር የራሱን ምርጫ አደረገ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። በነሐሴ ወር ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ዳርቻ ደረሰ፤ በከተማዪቱም ላይ መድፍ ተተኰሰ፤ ሰላማውያን ሰዎች በቤታቸው ሞቱ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በሁሉም ወገን የጠፋው ሕይወት ብዙ ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ቈይቶ የጦር ሜዳ እንደ ገና ዳኛ ሆነ።

ሕገ መንግሥት ለሰላም ጊዜ ብቻ አይጻፍም። አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ራሱ ወሰን እንዲኖረው አድርጓል። በዐማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጣውን ዐዋጅ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በነሐሴ 8 ቀን አጽድቆታል፤ ምክንያቱም ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ሲሆን ዐዋጁ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ መቅረብ ስለ አለበት ነው። ዐዋጁ ከስድስት ወር በላይ ሊቈይ የሚችለው ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሲያድሰው ብቻ ነው። ኢሰብኣዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽና ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው የሚለው አንቀጽ ግን በማንኛውም ዐዋጅ ሊታገዱ አይችሉም። በጨለማ ጊዜ ሕጉን የያዘ ሠራተኛ መብራት የያዘ ነው።

ሕገ መንግሥቱ የማይነካ ጽሑፍ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ራሱ የሚሻሻልበትን በር ሠርቷል። የመብቶቹን ምዕራፍ ለማሻሻል የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በአብላጫ ድምፅ፤ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። ለሌሎቹ አንቀጾች ከክልሎቹ የሁለት ሦስተኛው ምክር ቤቶች፤ እንዲሁም የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይበቃል። በሩ ጠባብ የሆነው በጥድፊያ እንዳይገባበት ነው እንጂ፤ እንዳይገባበት አይደለም።

ውድ አንባብያን፤ ስለ ሕገ መንግሥት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ምክር ቤቶችና ስለ ሚኒስትሮች ነው። ነገር ግን የጉናው ገበሬ ሚኒስትር አያገኝም፤ የሚያገኘው እናንተን ነው። ለሱ ሕገ መንግሥቱ በመስኮት በኩል የሚታይ የአንድ ጸሐፊ ፊት ነው። ስለዚህ ሁሉም ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያኖር እንመክራለን። ይህ ሥልጣን የእኔ መሥሪያ ቤት ነው ወይ? ካልሆነ የማን ነው? ባለ ጉዳዩ በውሳኔዬ ቅር ቢለው ይግባኙን ወዴት ያቀርባል? ለነዚህ ሦስቱ መልስ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለባለ ጉዳዩ መስጠት ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

ዘመነ መሳፍንትን ያበቃው መድፍ አልነበረም፤ መድፉ ያበቃው መሳፍንቱን ነው። ዘመኑ በእውነት የሚያበቃው ሹሙም፣ ጸሐፊውም፣ ዳኛውም «የእኔ ወሰን እዚህ ላይ ያበቃል» ብሎ በፈቃዱ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ገበሬያችን ሦስቱንም ጉዳይ ፈጽሞ፤ ፀሓይ ሳትጠልቅ የጉናን ዳገት ይጀምራል።

በዚሁ የዛሬውን ንግግራችንን እንፈጽማለን።